13 ተጫውተው 13 አሸነፉ፤ ከዚያ «አታልፉም» ተባሉ

ዲሴምበር 3 ቀን 2023 ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ተጫዋቾች አንድ ላይ ተሰብስበው ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠዋል። በዓመቱ 13 ጨዋታ አድርገው 13ቱንም አሸንፈዋል። የሊጋቸውን ዋንጫ ያነሱት ትናንት ማታ ነው። አሁን ለብሔራዊ ሻምፒዮናው የሚያልፉት የአራት ቡድኖች ስም በቀጥታ ስርጭት ሊነገር ነው።

ሚሺጋን። ዋሽንግተን። ቴክሳስ። አራተኛው? አላባማ።

ቴክሳስ በዚያ ዓመት አንድ ጨዋታ ተሸንፏል። አላባማም አንድ ተሸንፏል። ማንም ያላሸነፈው ፍሎሪዳ ስቴት ግን አምስተኛ ተብሎ ውጭ ቀረ። ልጆቹ ያን ሲሰሙ የሚያሳየው ቪዲዮ በየስልኩ ዞሯል፤ ምናልባት እናንተም አይታችሁት «ምን ሆነው ነው?» ብላችሁ አልፋችሁት ይሆናል።

የሆነው ይሄ ነው። የቡድኑ ኳርተርባክ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ልጅ፣ ጆርዳን ትራቪስ ከሁለት ሳምንት በፊት እግሩ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶበት ነበር። የሚያልፈውን የሚወስነው ኮሚቴ «ያለ እሱ ይሄ ቡድን ሌላ ቡድን ነው» አለ። በቃ። እሱ ከወጣ በኋላም እኮ ማሸነፋቸውን አላቆሙም፤ የሊጉን ፍፃሜ እንኳ ገና አንደኛ ዓመት በሆነ ሦስተኛ ተጠባባቂ ኳርተርባክ 16 ለ 6 አሸንፈዋል። ትራቪስ በዚያ ቀን ኤክስ ላይ የጻፈው ነገር ልብ ይነካል። እግሬ ቀደም ብሎ በተሰበረ ኖሮ፣ ቡድኑ ከእኔ በላይ መሆኑን ባያችሁ ነበር ነው ያለው።

በኛ ኳስ እናስበው። አንድ ክለብ ፕሪሚየር ሊጉን አንዴም ሳይሸነፍ ወሰደ እንበል። ከዚያ ዩኤፋ መጥቶ «አጥቂህ ስለተጎዳ ቻምፒዮንስ ሊግ አትገባም፣ ቦታውን ለሌላ ሰጥተነዋል» ቢለው አስቡት። ለንደን ትቃጠላለች።

ታዲያ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር እንዴት ሊሆን ቻለ? ሻምፒዮኑስ እንዴት ቢመረጥ ይሻላል? አሜሪካኖች በዚህ ጥያቄ ሲጨቃጨቁ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

መጀመሪያ ግን ፉትቦል ስንል ሞላላዋን ኳስ በእጅ የሚጫወቱባትን፣ ኮፍያ ያለውን ማለታችን ነው። የኮሌጁ ደግሞ ከፕሮፌሽናሉ ኤንኤፍኤል የተለየ ዓለም ነው። ኮሎምበስ ኦሃዮ ዘመድ ያለው ሰው ይጠይቅ፤ ኦሃዮ ስቴት በሜዳው በሚጫወትበት ቅዳሜ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ስታዲየም ይገባል፣ ከተማው በሙሉ ቀይ ይለብሳል። አትላንታም፣ ሲያትልም፣ ዳላስም ያደጉ የሐበሻ ልጆች ከአርሰናልና ከማንቸስተር እኩል የሚከራከሩበት ነገር ነው።

የችግሩ ሥር ሒሳብ ነው። ፕሪሚየር ሊግ 20 ክለብ አለው፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ይገናኛል፣ 38 ጨዋታ፣ አለቀ። ሰንጠረዡ ይናገራል። በኮሌጅ ፉትቦል ትልቁ ደረጃ ላይ ግን ከ130 በላይ ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዱ በመደበኛው ውድድር የሚጫወተው 12 ጨዋታ ብቻ ነው። ሰውነት የሚሰብር ስፖርት ስለሆነ በሳምንት ከአንዴ በላይ አይቻልም። ስለዚህ ሁለት ቡድኖች ሁለቱም 12 ለ 0 ሆነው አንድ የጋራ ተጋጣሚ እንኳ ላይኖራቸው ይችላል። ማን ይበልጣል? ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም።

በዚያ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ለቅርጫት ኳስም፣ ለአትሌቲክስም፣ ለዋናም የራሱን ሻምፒዮና ያዘጋጃል። ለትንንሾቹ የፉትቦል ደረጃዎች እንኳ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጥሎ ማለፍ አለው። ለትልቁ ፉትቦል ግን የለውም። እዚያ ላይ ሥልጣኑ በእጃቸው ያለው ኮንፈረንስ የሚባሉት ሊጎች ናቸው፤ ዛሬ አራቱ ትልልቆች ኤስኢሲ፣ ቢግ ቴን፣ ቢግ 12 እና ኤሲሲ ይባላሉ። የመንግሥት ሳይሆን የዕድር አሠራር ነው በሉት። ትልልቆቹ ቁጭ ብለው ተስማምተው ነው ሕጉን የሚያወጡት።

በድሮው ጊዜ ፍፃሜ ጨዋታ የሚባል ነገርም አልነበረም። ከ1936 ጀምሮ አሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞችን እያስመረጠ ደረጃ ያወጣ ነበር፤ ከ1950 ጀምሮ ደግሞ አሰልጣኞች የራሳቸው ድምፅ መጣላቸው መጣ። በዓመቱ መጨረሻ ቡድኖች ቦውል ወደሚባሉ የግብዣ ጨዋታዎች ይሄዳሉ፤ ሮዝ ቦውልን የመሰለው ከ1902 ጀምሮ ያለ ነው። ዋንጫም፣ ሰልፍም፣ አበባም አለ፤ የሚያልፉበት ቀጣይ ዙር ግን የለም። ከዚያ ጋዜጠኛው አንዱን ሻምፒዮን ሲል አሰልጣኞቹ ሌላውን ይላሉ። በ1997 ሚሺጋን ሁሉንም አሸነፈ፤ ነብራስካም ሁሉንም አሸነፈ። አልተገናኙም። ጋዜጠኞቹ ሚሺጋንን፣ አሰልጣኞቹ ነብራስካን መረጡ። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ዛሬ «የ97 ሻምፒዮን እኛ ነን» ይላሉ።

ከ1998 ጀምሮ «እሺ፣ አንደኛና ሁለተኛው ይጋጠሙ» ተባለ። አንደኛና ሁለተኛ ማን እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ የሰው ድምፅና የኮምፒውተር ስሌት ተደባልቆ ነው። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል አይደል? በ2001 ነብራስካ በመጨረሻው ጨዋታ በኮሎራዶ 62 ለ 36 ተቀጠቀጠ፤ የሊጉን ፍፃሜ እንኳ አልደረሰም። ኮምፒውተሩ ግን ለብሔራዊ ፍፃሜ ላከው፤ እዚያም በማያሚ 37 ለ 14 ተሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ባሰ። ጋዜጠኞችም አሰልጣኞችም ዩኤስሲን አንደኛ ብለው እያለ ስሌቱ ሦስተኛ አድርጎ አስወጣው። በቦታው የገባው ኦክላሆማ የሊጉን ፍፃሜ 35 ለ 7 ተሸንፎ የመጣ ቡድን ነበር። ኤልኤስዩ ኦክላሆማን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ጋዜጠኞቹ «አንቀበልም፣ ለኛ ሻምፒዮኑ ዩኤስሲ ነው» አሉ። አንድ ሻምፒዮን እንዲኖር የተሠራው ማሽን ሁለት ሻምፒዮን ወለደ።

በ2014 ኮምፒውተሩ ተነሥቶ 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቀመጠ። ዳላስ አጠገብ ግሬፕቫይን የምትባል ከተማ ሆቴል ውስጥ እየተሰበሰበ አራት ቡድን ይመርጣል፤ ግማሽ ፍፃሜ፣ ፍፃሜ፣ አለቀ። የፍሎሪዳ ስቴትን ጉዳይ የሚያናድደው ደግሞ የኮሚቴው የመጀመሪያ ዓመት ውሳኔ ነው። በ2014 ኦሃዮ ስቴት አንደኛ ኳርተርባኩ ውድድሩ ሳይጀመር ተጎዳ፤ ሁለተኛው በመደበኛው ውድድር መጨረሻ ጨዋታ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ሦስተኛው ልጅ ካርዴል ጆንስ ገብቶ የሊጉን ፍፃሜ 59 ለ 0 አሸነፉ። ኮሚቴው አራተኛ አድርጎ አሳለፋቸው። ከዚያ አላባማን አሸነፉ፣ ኦሪገንን 42 ለ 20 አሸነፉ፣ ሻምፒዮን ሆኑ፤ በሦስተኛ ኳርተርባክ! ስለዚህ ተጠባባቂ የያዘ ቡድን ምን ማድረግ እንደሚችል ከኮሚቴው በላይ የሚያውቅ ሊኖር አይገባም ነበር።

በርግጥ ፍሎሪዳ ስቴት ከውድድሩ ውጭ በተጋበዘበት ኦሬንጅ ቦውል በጆርጂያ 63 ለ 3 ተሸንፏል። ያን ጊዜ «አያችሁ? ልክ ነበርን» ያሉ ብዙ ናቸው። ግን በዚያ ጨዋታ ላይ ብዙዎቹ ዋና ተጫዋቾች አልተሰለፉም፤ ሊጫወቱለት የመጡት ነገር ተወስዶባቸዋላ። የቀብር ዕለት ሩጫ ተወዳድሮ የዘገየን ሰው ሰነፍ ማለት ይሄ ነው።

«ምርጥ» እና «የሚገባው» አንድ አይደሉም

እኔ እንደገባኝ ክርክሩ ሁሉ የሚሽከረከረው አንድ ጥያቄ ላይ ነው። ሻምፒዮን ማለት ዛሬ ቢጋጠሙ ሁሉንም ያሸንፋል ተብሎ የሚገመተው ቡድን ነው? ወይስ በዓመቱ ውስጥ በሥራው ያስመሰከረው? የኮሚቴው መመሪያ «ምርጦቹን ምረጡ» ነው የሚለው፤ የተጎዳ ዋና ተጫዋች ካለም ከግምት ማስገባት ይችላሉ። «ምርጥ» ደግሞ ግምት ነው። ላስቬጋስ ያሉ የውርርድ ቤቶችም ይገምታሉ፣ እኔም እገምታለሁ። «የሚገባው» ግን ይቆጠራል። ስንት አሸነፍክ፣ ማንን አሸነፍክ፣ የሊግህን ዋንጫ ወሰድክ ወይ?

ግምት ደግሞ ስም ያያል። በ2017 ከትንሽ ሊግ የመጣው ሴንትራል ፍሎሪዳ ሁሉንም ጨዋታ አሸንፎ ኮሚቴው 12ኛ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በቦውል ጨዋታ ኦበርንን 34 ለ 27 አሸነፈ። ኦበርን ማለት በዚያው ዓመት በመደበኛው ውድድር አላባማንም ጆርጂያንም ያሸነፈ ቡድን ነው፤ ፍፃሜውን የተጫወቱት እነማን መሰሏችሁ? አላባማና ጆርጂያ። ሴንትራል ፍሎሪዳዎች ምን አደረጉ? «ሻምፒዮን እኛ ነን» ብለው አወጁ፣ ባነር ሰቀሉ፣ ዲዝኒ ወርልድ ላይ የደስታ ሰልፍ አደረጉ። ሁሉም ሳቀባቸው። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ምን ያድርጉ? የሚጋጠሙትን ሁሉ አሸንፈው ሌላ ማስረጃ ከየት ያምጡ?

ከ2024 ጀምሮ 12 ቡድን ያልፋል። አምስቱ የሊግ ሻምፒዮኖች ናቸው፣ ቀጥታ ይገባሉ። ሰባቱን ኮሚቴው ይመርጣል። የመጀመሪያዎቹ አራት አንደኛውን ዙር ያርፋሉ፤ በዚያ ዙር የተሻለ ደረጃ ያለው በራሱ ሜዳ ያስተናግዳል። (ይቺ የራስ ሜዳ ነገር በጣም የተሳካች ናት። ዲሴምበር ላይ ብርድ፣ የተማሪ ጩኸት፣ ሌላ ነው። ሩብ ፍፃሜው ግን ወደ ቦውሎቹ ይሄድና ደጋፊው አገር አቋርጦ ትኬት፣ ሆቴል፣ አውሮፕላን ይከፍላል። ለምን?)

በአዲሱ አሠራር የመጀመሪያው ሻምፒዮን ኦሃዮ ስቴት ነበር፤ ስምንተኛ ሆኖ ገብቶ። ይሄ ቡድን ኖቬምበር መጨረሻ ላይ በገዛ ሜዳው በሚሺጋን 13 ለ 10 ተሸንፎ ደጋፊው አሰልጣኝ ራያን ዴይ ይባረር ሲል ነበር። ኦክቶበር ላይም በኦሪገን 32 ለ 31 ተሸንፏል። ኦሪገን 13 ለ 0 ሆኖ አንደኛ ገባ። ሩብ ፍፃሜ ላይ ተገናኙ፤ ኦሃዮ ስቴት 41 ለ 21። ጥሎ ማለፉ ሲሰፋ የሚከፈለው ዋጋ ይሄ ነው፣ አንደብቀው። ሁለት የተሸነፈው ዋንጫ በላ፣ አንድ የተሸነፈው ቤቱ ገባ። «መደበኛው ውድድር ዋጋ አጣ» የሚሉት ሰዎች ውሸታቸውን አይደለም፤ ድሮ አንድ ሽንፈት ዓመትህን ይገድል ነበር፣ ያ ልብ ምት ቀንሷል። ግን ኦሪገን ያለቀሰው ሜዳ ላይ ተሸንፎ ነው። ፍሎሪዳ ስቴት ያለቀሰው ቴሌቪዥን እያየ ነው።

በ2025 ደግሞ ኢንዲያና መጣ። በታሪክ ብዙ ከተሸነፉት ቡድኖች አንዱ፣ በቅርጫት ኳሱ እንጂ በፉትቦሉ ማንም የማይቆጥረው። 16 ለ 0 ወጥቶ ጃንዋሪ 19 ቀን 2026 ማያሚን 27 ለ 21 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ያንን ዋንጫ ለሌላ ልስጥ የሚል አንድ ሰው አይገኝም፤ ተሸናፊው ማያሚም 10ኛ ሆኖ ገብቶ ነው ፍፃሜ የደረሰው። አራት ብቻ በሚያልፍበት ዘመን ማያሚን ማንም አያየውም ነበር።

ታዲያ ችግሩ ተፈታ? ግማሹ ብቻ። ማያሚ እንዴት እንደገባ ስሙ። ማያሚና ኖተር ዴም ሁለቱም 10 አሸንፈው 2 ተሸንፈዋል። በዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታቸው ተገናኝተው ማያሚ 27 ለ 24 አሸንፏል። ኮሚቴው ግን ለሳምንታት ኖተር ዴምን ከማያሚ በላይ ሲያስቀምጥ ከረመ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሁለቱም አልተጫወቱም፤ ቁጭ ብለው ነው የዋሉት። እሁድ ደረጃው ሲወጣ ማያሚ በላይ፣ ኖተር ዴም በታች ሆኖ ውጭ ቀረ። ኖተር ዴም ተቆጥቶ የቦውል ግብዣውንም አልቀበልም አለ። እንደኔ የመጨረሻው ውሳኔ ትክክል ነው፤ ያሸነፈህ ቡድን ይቅደምህ። ጥፋቱ ኖቬምበር ሙሉ ሌላ ነገር እያሳዩ ልጆቹን «ገብታችኋል» ብለው ማሳመናቸው ነው።

ስለዚህ ዋናው ነገር 4 ወይም 12 ወይም 16 መሆኑ አይደለም፤ ሕጉ ቀድሞ ተጽፎ መቀመጡ ነው። የሊግህን ዋንጫ ሳትሸነፍ ከወሰድክ ትገባለህ፣ ኳርተርባክህ ቢታመምም ባይታመምም። ሁለት ቡድን እኩል ከሆኑ መጀመሪያ የሚታየው የርስ በርስ ግጥሚያቸው ነው፣ እንደ ላሊጋ። ኮሚቴው ይኑር፣ ግን ሥራው ማን ከማን እንደሚጋጠም ማሰለፍና የመጨረሻዎቹን ጥቂት ቦታዎች መሙላት ይሁን። ቻምፒዮንስ ሊግም እኮ ከ2024 ጀምሮ 36 ክለብ አንድ ሰንጠረዥ ላይ አስቀምጦ እያንዳንዱን 8 ጨዋታ ብቻ ነው የሚያጫውተው። ሁሉም ከሁሉም አይገናኝም። ግን ሆቴል ውስጥ ተሰብስቦ «ሪያል ማድሪድ ሲታይ ይሻላል» የሚል ኮሚቴ የለም፤ ነጥብህን ትቆጥራለህ።

«ትንንሾቹን ብታስገባ ይቀጠቀጣሉ» ይባላል። እውነት ነው፣ በ2025 ቱሌን በኦሌ ሚስ 41 ለ 10፣ ጄምስ ማዲሰን በኦሪገን 51 ለ 34 ተሸንፈዋል። ግን በዚያው ውድድር ትልቁ አላባማ በኢንዲያና 38 ለ 3 ተሸነፈ፤ የ2022ቱ ፍፃሜ ላይ ጆርጂያ ቲሲዩን 65 ለ 7 ነው ያሸነፈው። መቀጥቀጥ የስም ጉዳይ ቢሆን ኖሮ አላባማን ማን ይነካው ነበር።

አሁን የሚያሰጋው ሌላ ነው። ገንዘቡ። ኢኤስፒኤን ይሄን ውድድር እስከ 2031-32 ለማሳየት የተስማማው በ7.8 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከ2026 ጀምሮ ከገቢው ከግማሽ በላዩን ቢግ ቴንና ኤስኢሲ ሁለቱ ይካፈሉታል፤ ስለ ቀጣዩ አሠራርም ትልቁ ድምፅ የእነሱ ነው። በ2025 ሲንሸራሸሩ ከነበሩት ሐሳቦች አንዱ ወደ 16 ሲሰፋ ለሁለቱ አራት አራት ቦታ በቋሚነት ይያዝላቸው የሚል ነበር። ኦገስት ላይ ኳስ ሳይነካ ስምንት ወንበር ተይዟል ማለት ነው። ይሄም «የተጻፈ ሕግ» ነው ሊሉን ይችላሉ፤ ግን ወንበሩ የሚሰጠው ላሸነፈ ሳይሆን ለአባል ነው። 24 ቡድን ይግባ የሚሉም አሉ። ለማስታወቂያ ጥሩ ነው። ለሰውነትስ? ኢንዲያና ሻምፒዮን ለመሆን 16 ጨዋታ ተጫውቷል፤ ኤንኤፍኤል ያሉት ትልልቅ ሰዎች በመደበኛው ውድድር 17 ነው የሚጫወቱት። እነዚህ የ19ና የ20 ዓመት ልጆች ናቸው፣ ዲሴምበር ደግሞ የፈተና ወር ነው። ከ2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፣ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ነበር፤ ቢሆንም ጉልበት በክፍያ አይታደስም። ለኔ 16 ጣሪያው ነው።

እስቲ እናንተ ያን ሆቴል ውስጥ ተቀምጣችሁ አስቡት። ማያሚ 10 ለ 2፣ ኖተር ዴም 10 ለ 2፣ ኦገስት ላይ ማያሚ በሦስት ነጥብ አሸንፏል፤ ከዚያ በኋላ ግን ኖተር ዴም አሥር ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ መጥቷል። አንድ ወንበር ነው የቀረው። ለማን ትሰጡታላችሁ?